ግድግዳው ላይ የሰቀልሁት ዓይን

ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት ስላልነበረኝ ራሴን በራሴ ጡረታ አወጣሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ኅዳር ነው። ስለ ንብ እርባታ ለሚታተም ትንሽ መጽሐፍ ንብ ስሥል፣ የክንፏን መስመር አንድ ጊዜ ስቤ ሳበቃ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አገኘሁ። እጄ ተንቀጥቅጦ ኖሯል። አጥፍቼ እንደገና ሞከርሁ፤ አሁንም ሁለት። እርሳሴን አስቀመጥሁና "በቃሽ፣ ውባለም" አልሁ። የስንብት ደብዳቤ የጻፈልኝ የለም፤ የመሸኛ ግብዣም አልነበረም። የቀጠረኝ ሰው ስላልነበረ የሚያሰናብተኝም አልነበረም።

ጎረቤቶቼ ግን ዝም አላሉኝም። "ለመሆኑ ያለ ደመወዝ፣ ያለ አለቃ፣ በሥዕል ብቻ እንዴት ኖርሽ?" ይሉኛል። አንድ ሁለቴ በአጭሩ መለስሁላቸው። ከዚያ ግን ነገሩ በአጭሩ የሚመለስ እንዳልሆነ ገባኝና ይህን መጻፍ ጀመርሁ። ሥራዬ መልክ የያዘው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ዓመታት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስለሆነ የምጽፈው ያንኑ ነው።

የተወለድሁት ቁይ አጠገብ ነው። የእናቴ ወንድም አለቃ ይግዛው ዲማ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሚስታቸው ታመው አልጋ ሲይዙ እናቴ "ሂጂና አጎትሽን እርጂ" ብላ ላከችኝ። ያኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የሄድሁት ውሃ ልቀዳ፣ እህል ልፈጭ ነው። እዚያ ስደርስ ቀለምም የሚፈጭ ነገር መሆኑን አወቅሁ፤ እህሉንም ቀለሙንም እኔው ያዝሁ።

አጎቴ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በቀጥታ አይሥሉም ነበር። ቤታቸው ተቀምጠው በአቡጀዲ ጨርቅ ላይ ይሥሉና ሲያልቅ ተጠቅልሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል፤ እዚያ በሙጫ ይለጠፋል። ስለዚህ የአጎቴ ቤት ወለል ዓመቱን ሙሉ በቅዱሳን የተሞላ ነበር። ቤት ስጠርግ በመላእክት ክንፍ መካከል እየተራመድሁ ነበር የምጠርገው። አንድ ቀን አጎቴ "እስቲ እጅሽን አሳዪኝ" አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። አገላብጠው አዩትና "አይንቀጠቀጥም። ያንን የቀሚስ ጠርዝ ሙዪው" አሉ። የሐዋርያ ቀሚስ ነበር። ትንፋሼን ይዤ ሞላሁት። በማግሥቱ ሌላ ሰጡኝ።

"ካህናቱ ይህን ማን ሠራው ቢሉ ምን ይሏቸዋል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እጅ ነው የሠራው እላቸዋለሁ" አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ስሜን ለማንም አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርሁም። ሴት ልጅ የነካችውን ሥዕል አንቀበልም የሚል እንደሚኖር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የአጎቴን አሠራር ልንገራችሁ። ሊሥሉት ያለውን ነገር ሄደው ሳያዩና በእጃቸው ሳይነኩ አይጀምሩም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ብለው የአንድ ባላባት ፈረስ ጉልበት እየዳሰሱ ግማሽ ቀን ሲቆሙ አይቻለሁ። ዓይን የሚሥሉት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም እጃቸውን ታጥበው። ጻድቃንን በሁለት ዓይን፣ ፊት ለፊት ይሥላሉ። ይሁዳንና ሰይጣንን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ።

"ለምን አንድ ብቻ?" አልኋቸው።

"ክፉ ፊት ለፊት አያይሽም። አንዱን ዓይኑን ብቻ ነው የሚሰጥሽ፤ በሌላው ምን እንደሚያይ አታውቂም። ይህን ደግሞ ሰው ሁሉ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።"

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚያደርጉት ነበር። ሥዕሉን በር ላይ ይሰቅሉና ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ማንም ይለፍ፣ ሸክሙን አስወርደው "ምን ታያለህ?" ይሉታል። እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ብለው አያስረዱም። አንድ ጊዜ ሣር የተሸከመ ገበሬ ቆሞ መለከት የሚነፋውን መልአክ ብዙ ተመለከተና "ጠጅ እየጠጣ ነው፤ ብርሌው ግን ረዘመ" አለ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አጎቴ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሸኙትና የሁለት ቀን ሥራ ፍቀው አነሡ።

"እሱ መለከት አያውቅም እኮ!" አልሁ ተናድጄ።

"እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ለሚመጣው ሁሉ ይህ መለከት ነው፣ ይህ መለከት ነው እያልሁ ልኖር ነው? ሥዕሉ ራሱ ይናገር እንጂ" አሉኝ።

በዐሥራ ስድስት ዓመቴ ዳሩኝ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። እርሳስ ከያዝሁ ወጡ እንደሚያርር እሱም እኔም ስለምናውቅ፣ ሁለት ዓመት ኖረን በሽማግሌ ተለያየን። እኔም ደብረ ማርቆስ ወደነበረችው ታላቅ እኅቴ ወደ እትዬ አስካለ ሄድሁ። እሷ ገበያው አጠገብ የስፌት መኪና ነበራት፤ የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች። ጥልፉን የሚጠልፉላት ሴቶች ከአሮጌ ቀሚስ ላይ እየገለበጡ ስለነበር ሁሉም ቀሚስ እኅትማማች ይመስል ነበር። እኔ መጥቼ በእርሳስ ጨርቁ ላይ መንደፍ ጀመርሁ። የመጀመሪያዋ ሙሽራ የወሰደችው ቀሚስ የሐረግ ንድፍ ነበር ያለበት፤ ከዲማ የብራና መጻሕፍት ላይ ያየሁትን ለቀሚስ እንዲሆን አድርጌ አሳንሼዋለሁ። ከፋሲካ በፊት ዘጠኝ ሙሽሮች ያንኑ ፈለጉ። ለእያንዳንዳቸው የተለየ ነደፍሁ፤ የሌላዋን መድገም ደስ አይለኝም ነበር።

ከሙሽሮቹ የአንዷ አጎት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። አንድ ቀን ስፌት ቤቱ መጥቶ ቀሚሱን ትቶ እኔን አየና "ላም ትችያለሽ?" አለኝ።

"ላም ምን?"

"መሣል። ውስጧን። ጨጓራዋን፣ አንጀቷን። ለተማሪዎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀል።"

ያደግሁት ከላም ጋር ቢሆንም ውስጧን በደንብ አይቼ አላውቅም ነበር። ዳይሬክተሩ የሰጠኝ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉ የጥፍር ያህል ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሥጋ ቤት ሄድሁና ባለቤቱን ጨጓራውን ሳይታጠብ እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየገለበጥሁ፣ እያጠብሁ፣ በእርሳስ ስጽፍ ሰውዬው ብዙ ታገሠኝና በመጨረሻ "ልጄ፣ ልትገዢ ነው ወይስ ልትቆጥሪ?" አለኝ። ሥዕሉ ሲያልቅ እሱ ነበር መጀመሪያ ያየው። "ይቺ ትንሿ ክፍል ወደ ቀኝ ትጠጋ" ብሎ አረመኝ። ትክክል ነበር።

ላሚቱ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች በኋላ ሥራ ፈልጌ አላውቅም፤ ሥራው ራሱ ይፈልገኝ ጀመር። ካርታ፣ የጤፍ ሥር፣ የውሃ ዑደት፣ የዕድር ማኅተም፣ የሰርግ መጥሪያ። የሚቀጥለው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ግን ይመጣል። አንዳንዱ በብር፣ አንዳንዱ በእህል፣ አንዳንዱም በምስጋና ብቻ ይከፍል ነበር፤ ስለ ክፍያው ይህን ያህል ብዬ ልለፈው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ከከተማው ዳር አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። ኃላፊዋ አቶ ሽፈራው የሚባል ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ዶክተር ነበር የሚለው። ቀጭን፣ ቸኩሎ የሚራመድ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። በዚያ ዓመት የዓይን ማዝ ሕፃናቱን አሠቃይቷቸው ነበር። አቶ ሽፈራው ላሚቱን አይቷት ኖሮ መጣና አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ዘረጋልኝ። ገጹን ሙሉ የያዘ አንድ ዓይን ነበር፤ ቆቡ የተገለበጠ፣ የቀላ፣ መግል የቋጠረ።

"ይህን በትልቁ ሥሪልኝ፤ በሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። እናቶች ሕመሙን አይተው እንዲለዩት። ለዓርብ ይድረስልኝ፤ ከበላይ የሚጎበኙ ሰዎች ይመጣሉ" አለኝ።

ያለቀው ሐሙስ ማታ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ እስከዚያ ቀን ከሣልሁት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር። ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ነው ያወጣሁት። ቀይ የደም ሥሮቹን በጠጉር ብሩሽ ሠራኋቸው። ቁመቱ የሰው ደረት ያህላል። በር ላይ ሰቅዬ ምን ታያለህ ብዬ የጠየቅሁት ሰው አልነበረም። ጊዜ አልነበረኝም እላለሁ አንዳንዴ። ጊዜስ ነበረኝ። በሥራዬ ከመርካቴ የተነሣ የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ጎብኚዎቹም መጥተው አደነቁት፤ አንዱ እጄን ጨበጠኝ።

ከሳምንት በኋላ፣ ጠዋት፣ አቶ ሽፈራው እኅቴ ቤት መጣ። ሰላምታም አልሰጠም።

"ነይ፣ ተከተይኝ" አለኝ።

ክሊኒኩ ደጅ ላይ ሌላ ጊዜ ሠላሳ አርባ ሰው ይቀመጥ ነበር። በዚያን ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አንዲትም እናት የለችም። አቶ ሽፈራው ዘበኛውን ጠራ። አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

"ለእሷም ይንገሯት፣ ለእኔ የነገሩኝን።"

አያ ደምሴ እኔን ላለማየት መሬት መሬት እያዩ "እናቶቹ እኮ በር ድረስ ይመጣሉ" አሉ። "ያንን ሲያዩ የልጃቸውን ፊት ሸፍነው ይመለሳሉ። ዓይነ ጥላውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል ነው የሚሉት። አንድ ዓይን ብቻውን፣ ፊት የሌለው፣ ደም የለበሰ... እኔም ብሆን ሳልፍ አማትቤ ነው።"

አጎቴ አንድ ዓይን የማን እንደሆነ ከነገሩኝ ስንት ዓመት ሆኖኛል? በእጄ የይሁዳን አንድ ዓይን ሞልቻለሁ እኮ። የውጭ አገር መጽሐፍ ሲዘረጋልኝ ግን ያንን ሁሉ እንደ ድሮ ነገር ቆጥሬ ትቼዋለሁ።

"ከተመለሱት መካከል አንዲት ልጅ ያሳስበኛል" አለ አቶ ሽፈራው። "አያ ደምሴ አይተዋታል። ዓይኗ አብጦ ተከድኗል ይላሉ። እንዲህ ያለው በየቀኑ ቅባት ካላገኘ ይጠፋል።"

"እናቷ ከአምበር ነኝ ብላኛለች" አሉ አያ ደምሴ። "የተመለሱት ባለፈው ቅዳሜ ነው።"

ሥዕሉን ራሴ ከግድግዳው አወረድሁት። ጠቅልዬ ለአቶ ሽፈራው ሰጠሁትና በዚያው ወደ አምበር የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ።

አምበር ላይ የዓይን ሕመም ያለባት ትንሽ ልጅ ያለቻት ሴት እያልሁ ስጠይቅ ብዙ ቤት ጠቆሙኝ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ነበርና ሕመሙ። በአራተኛው ላይ፣ ከመንገዱ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ገባ ብሎ፣ አገኘኋት። ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ረጅም፣ ፀጥ ያለች ሴት። ባሏ አውድማ ላይ ነበር። እሷ ግቢዋ ውስጥ በሰፌድ እህል ታነፍሳለች። የስድስት ዓመት ልጅ ጥላው ሥር፣ ሸማ ተከናንባ ተቀምጣለች።

"እንደምን ዋላችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?"

"ውባለም እባላለሁ፤ ከማርቆስ ነው የመጣሁት። ክሊኒኩ በር ላይ የነበረውን ዓይን የሣልሁት እኔ ነኝ።"

ሰፌዱን አስቀመጠች። ወደ ልጅቷ ሄዳ በእኔና በእሷ መካከል ቆመች።

"ምን አደረግንሽ?" አለችኝ።

"ምንም" አልሁ። "ሕመሙን ላሳይ ብዬ ነው። አጠፋሁ።"

"የዓይኑ ባለቤት የት አለ ታዲያ? ፊቱስ? ዓይን ብቻውን ተነቅሎ በር ላይ ሲሰቀል እኔ ምን ልበል?"

"እውነትሽን ነው።"

"ልጄን ይዤ የሮጥሁት ሩጫ! ሐኪም ቤት ነው ብለውኝ እኮ ነው የሄድሁት።"

ተቆጥታ እስክታበቃ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥሁና ከቦርሳዬ ደብተርና እርሳስ አወጣሁ። እሷ አልከለከለችኝም። እሷንና ልጇን ሣልሁ። ከእግር እስከ ራስ፣ ሁለቱንም በሁለት ዓይን፣ ልጅቷን እናቷ ጭን ላይ አስቀምጬ። አጠገባቸው አቶ ሽፈራውን በነጭ ካፖርቱ፣ ጣቱ ላይ ቅባት ይዞ ሣልሁት። ስጨርስ ደብተሩን አዙሬ ዘረጋሁላት።

"ምን ታያለሽ?" አልኋት።

ጎንበስ ብላ አየችው። "ይቺ እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "ይቺ ጥሩዬ። ይኼ... ዶክተሩ መሰለኝ። ጣቱ ላይ ቅቤ ይዟል።"

"ቅቤ ሳይሆን መድኃኒት ነው።"

"እንዴ፣ ዓይን በቅቤ ይታሻል ወይ? መድኃኒት ከሆነ ዕቃውን አብረሽ ሣዪው እንጂ።"

ዕቃውን ጨመርሁበት። በዚህ መካከል ጥሩዬ ከሸማዋ ሥር ባልተከደነው ዓይኗ አሾልቃ ታይ ኖሯል። "እማ፣ ጆሮ ጌጥሽን ረሳችው" አለች።

ማንጠግቦሽ ሳቀች። ሳቋን ለማፈን አፏን በእጇ ብትይዝም አልሆነላትም። ከዚያ ፊቷን መልሳ ኮስተር አድርጋ "ሲያክማት አብረሽ ትቆሚያለሽ?" አለችኝ።

"እቆማለሁ።"

በማግሥቱ ሦስታችንም ማርቆስ ነበርን። ዐሥር ቀን እኅቴ ቤት ሰነበቱ። በየቀኑ ጠዋት ክሊኒክ እንሄዳለን፤ እኔ የጥሩዬን እጅ እይዛለሁ፣ እናቷ ራሷን ትይዛለች። የግራ ዓይኗ ዳነ። ቀኙም አልጠፋም፤ ግን ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረበት፣ ብርሃንና ጥላ እንጂ ብዙ አያይም። አቶ ሽፈራው "ያኔ ቅዳሜ ገብታ ቢሆን" ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። እኔ ግን ጨርሼዋለሁ፤ በየዓመቱ እጨርሰዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እርሳስ አልነካሁም። የጥልፍ ንድፍ እንኳ አልሠራ አለኝ። በመጨረሻ ዲማ ሄድሁ። አጎቴ አርጅተው ነበር፤ እጃቸው ቀጥ ብሎ አይቆምም። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"በር ላይ ሰቀልሽው?"

"አልሰቀልሁም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስድብ ስጠብቅ "ልጅቷ ምን አለችሽ አልሽኝ? ጆሮ ጌጡን?" አሉ።

"አዎ። እማ፣ ጆሮ ጌጥሽን ረሳችው አለች።"

"ጎሽ፤ ዓይን አላት" አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከግድግዳው አጠገብ የተጠቀለለ አቡጀዲ አምጥተው ዘረጉ። እመቤታችን ነበረች፤ ሁሉ ነገሯ አልቋል፣ ዓይኖቿ ግን አልተሣሉም። "ሦስት ወር ሆነኝ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ታጠቢና ሣዪያቸው።"

"ካህናቱስ?"

"ነግሬያቸዋለሁ። የእኅቴ ልጅ ትሥለዋለች ብዬ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። ከፈለጋችሁ ዓይን የሌላት ትሰቀል አልኋቸው፤ ዝም አሉ።"

ታጥቤ ሣልኋቸው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። በሦስተኛው ቀን ወደ ማርቆስ ስመለስ ሥራዬን ይዤ ነበር የተመለስሁት፤ የሠራሁትን ጥፋትም እንዲሁ ይዤው። ሁለቱን ለይቶ መያዝ እንደማይቻል ያኔ ነው የገባኝ።

ለክሊኒኩ በአዲስ መልክ ስድስት ሥዕል ሠራሁ፤ ዋጋም አልጠየቅሁበትም። አንዱንም ግን ማንጠግቦሽ ሳታየው አልሰጠሁም። ማርቆስ ገበያ በመጣች ቁጥር ስፌት ቤቱ ጎራ ትላለች። እኔ ሥዕሉን በሩ ላይ እሰቅላለሁ፤ እሷ ሸክሟን አውርዳ ትቆማለች። ምሕረት አታውቅም ነበር።

"ይቺ ሴት ፊት እያጠበች ነው ወይስ ልጁን ልታሰምጠው ነው? እጇ የት ነው ያለው?"

"ይኼ ዝንብ ለምን ከልጁ ራቀ? ዝንብ ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው። ደፍረሽ አስቀምጪው።"

"ይቺ ጠጉሯ የከተሜ ነው። የእኛ ሰው ለእሷ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም ይላል።"

አጠፋለሁ፣ እሥላለሁ። ሥዕሎቹ ከተሰቀሉ በኋላ አያ ደምሴ እስፌት ቤት ድረስ መጥተው "ዛሬ መቀመጫ አጥተው ሣር ላይ ተቀምጠዋል፤ እናቶቹ" አሉኝ። ይህን ለመናገር ብቻ ነበር የመጡት። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል በሥራ ዘመኔ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ የሰጠኝ የለም።

በሚቀጥለው ዓመት ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ መጻሕፍት ማዘጋጃ ቤት፣ አንድ ሰው መጣ። ክራቫት አድርጓል፤ ሥዕሎቹን ክሊኒክ ግድግዳ ላይ አይቷቸው ነው። ለጎልማሶች የሚታተም የፊደል መጽሐፍ እያዘጋጁ ነበር። ቋሚ ሥራ፣ የወር ደመወዝ፣ የራሴ ጠረጴዛ ሊሰጠኝ እንደሚችል ነገረኝ። እትዬ አስካለ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና በእጇ ምልክት እየሰጠች "እሺ በይ" ትለኛለች።

"እዚያ ሥዕሉን ሳበቃ ለማን ነው የማሳየው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ለኮሚቴው።"

"ከኮሚቴው ውስጥ በሬ ያለው አለ?"

ሰውዬው የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። አልቀለድሁም ነበር። መጽሐፉ ላይ ቀንበርና ሞፈር እንደሚሣል ነግሮኝ ነበርና። "ጌታዬ፣ እዚሁ ሆኜ ልሥራልዎት። በአውቶቡስ እልክልዎታለሁ። መጀመሪያ አንዱን መጽሐፍ ይሞክሩት፤ ካልሆነ ይቅር" አልሁት። አሰበና ተስማማ። እኅቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። የመጽሐፉ ሥዕል በአውቶቡስ ሄደ፣ ታትሞ በአውቶቡስ መጣ፤ ከዚያ ሁለተኛው ታዘዘ፣ ከዚያ ሦስተኛው። የኋላ ኋላ ለብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ ሁሉም የተጀመረው ግን በዚያች "ካልሆነ ይቅር" ነው።

በሁለተኛው መጽሐፍ ገቢ ከእኅቴ ቤት አንድ መንገድ አለፍ ብሎ ትንሽ ክፍል ተከራየሁ። ወደ መንገዱ የሚከፈት በር ነበራት። በሩ አናት ላይ "ውባለም ሠዓሊ" ብዬ ጻፍሁ። እትዬ አስካለ ቀና ብላ አይታ "ሰው ባልሽ ነው ሠዓሊው ይላል" አለችኝ። "ይበል፣ ገብቶ ይየኝ" አልኋት።

የመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን ነበር፣ አንድ ሽበታም ገበሬ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ቆሙ።

"ሠዓሊው የለም?"

"አለሁ፣ አባቴ። ይግቡ።"

ላይ ታች አዩኝ። ጽሑፉን ማንበብ ባይችሉም ሰው ነግሯቸዋል መሰለኝ፣ ወደ በሩ አናት አንድ ጊዜ አይተው ገቡ። ግን አልተቀመጡም።

"በሬ አለኝ" አሉ። "ዐሥራ ሁለት ክረምት አርሶልኛል። አሁን አረጀ፤ ልሸጠው ነው ያመጣሁት። መልኩ እንዳይጠፋኝ ብዬ... ይሣላል ወይ እንዲህ ያለው?"

"ይሣላል። ግን ላየው ይገባል።"

"ውጭ ቆሟል።"

ወጣሁ። ግንባሩ ነጭ የሆነ ትልቅ ቀይ በሬ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ሰዎች እየዞሩት ያልፋሉ። ቀረብ ብዬ አንገቱን፣ ቀንበር ያጠነከረውን ጫንቃውን ዳሰስሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጀመርሁ። ሽማግሌው ገመዱን ይዘው አጠገቤ ቆሙ፤ አንድ ጊዜ ብቻ "ግራ ቀንዱ ወደ ታች ዘንበል ይላል፤ ጥጃ ሆኖ ወድቆ ነው" አሉ። ዘንበል አደረግሁት። ከገበያው በኩል ሌላ በሬ ሲጮኽ የእሳቸው በሬ ጆሮውን ብቻ ነቅነቅ አደረገ፤ ያንንም ያዝሁት። ሲያልቅ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ። ብዙ ጊዜ አዩት። ቀና ብለው በሬውን ያያሉ፣ ደግሞ ወረቀቱን ያያሉ። ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አስገቡ፤ መረቁኝ፤ የበሬውን ገመድ ያዙና ወደ መጡበት መንገድ አዞሩት።

"አባቴ፣ ገበያው በወዲያ በኩል ነው" አልኋቸው።

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አሉ ሳይዞሩ። በሬውን ከፊት አስቀድመው፣ ሰው እያሳለፉ፣ ወደ አገራቸው ሄዱ።